ስለ በራሪ ወረቀት፥ የቀለሙ አመራረጥና የጽሕፈቱ አሰዳደር

«ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ ስለ ንግግር የተነገረ ቢሆንም፥ በወረቀት ላይ ጽፈን ለሕዝብ ለምናሰራጨው ቃልም ይሠራል። መልካም ወሬ የያዘ ወረቀት አሰዳደሩ የተበላሸ እንደ ሆነ ሳይነበብ ይጣላል፤ የጻፈውም ሰው ልፋቱ ከንቱ ይቀራል። እኔም ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን ለማቅረብ የተነሣሣሁት፥ ከጓደኞቼ ጋር ባሰናዳነው አንድ በራሪ ወረቀት ላይ ከሠራነው ስሕተት ያገኘሁትን ትምህርት ለተማሪ ጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች ለማካፈል ነው።

በራሪ ወረቀት ምንድን ነው?

በራሪ ወረቀት ማለት አንድን ጉዳይ በአጭሩ ለብዙ ሰው ለማስታወቅ ተጽፎ፥ ከእጅ ወደ እጅ የሚታደል ወይም በግድግዳና በምሰሶ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ተቀምጦና ጊዜ ሰጥቶ ያነባል። በራሪ ወረቀት የሚያነብ ሰው ግን አህያውን እየነዳ፥ ዕቃውን ተሸክሞ ወይም መኪና እየጠበቀ ነው። ከጎንደር በአዘዞ በኩል መጥቶ፥ አይከልን አልፎ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ዳር የተለጠፈ ወረቀት ያለው ዕድል፥ መንገደኛው እስኪያልፈው ድረስ ያሉት ጥቂት እርምጃዎች ብቻ ናቸው። በእነዚያ ጥቂት እርምጃዎች ውስጥ ወረቀቱ አራት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት። ነገሩ ምንድን ነው? ለማን ነው? መቼ ነው? የት ነው?

ከዚህም ሌላ መዘንጋት የማይገባን አንድ ነገር አለ። በአገራችን ወረቀቱን የሚያነበው አንድ ሰው ሲሆን የሚሰማው ግን ብዙ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ ወይም ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን ወረቀቱን የሚያነቡት በልጅ ዓይን ነው። የአምስተኛ ወይም የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የልጅ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸዋል፤ እነርሱም የሰሙትን ለጎረቤት ይነግራሉ። እንግዲህ አንድ በራሪ ወረቀት በዓይን ብቻ ሳይሆን በአፍም እንዲነበብ ሆኖ መሰናዳት ይኖርበታል ማለት ነው።

እኛ የሠራነው ስሕተት

ባለፈው ዓመት በጤና ክበባችን በኩል፥ የዓይን ፀጉር መቀልበስ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥበትን ቀን ለሕዝብ የሚያስታውቅ በራሪ ወረቀት እንድናሰናዳ አደራ ተሰጠን። ይህ በሽታ በአገራችን የታወቀ ነው። መነሻው ትራኮማ የሚባለው፥ በዝንብ፥ በእጅና በጨርቅ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የዓይን ሕመም ሲሆን፥ ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ ከውስጥ እየጠባሰ ይሄድና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል። ከዚያ በኋላ በሽተኛው ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቀዋል፤ በጊዜ ካልታከመም ያሳውራል። የአማራ ክልል በዓለም ላይ በትራኮማ እጅግ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ቀዶ ሕክምናው ግን አጭርና ሥልጠና ባገኙ የጤና ባለሙያዎች በጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችል ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ማሰናዳት ቀላል አደራ አልነበረም።

እኛም ወረቀቱ እንዲያምር ብዙ ደከምን። የሰንደቅ ዓላማችንን ሦስት ቀለሞች ስለምንወድ፥ መደቡን አረንጓዴ፥ ርእሱን ቀይ አደረግነው። ቀኑና ሰዓቱ ደምቆ ይታይ ብለን በነጭ ሣጥን ውስጥ በብጫ ጻፍነው። ከጽሕፈቱም በስተኋላ ትልቅ የዓይን ሥዕል አስገባን። በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ሲታይ በጣም ያምር ስለ ነበር ሁላችንም ተደሰትን። ነገር ግን ገንዘባችን በቀለም ለማተም የሚበቃው ለአንድ ቅጅ ብቻ ስለ ነበር፥ የቀረውን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ አባዝተን በገበያው፥ በመኪና መናኸሪያውና በየመንደሩ አደልነው።

አያቴ በዚህ በሽታ ከተያዙ ብዙ ዘመናቸው ነው። ወረንጦ ከመቀነታቸው አይለይም፤ ፀጉሩ ሲወጋቸው ጎረቤታቸውን «እስቲ ንቀይልኝ» ይሏቸዋል። ከወረቀቱ አንዱ እርሳቸው ዘንድ ደርሶ ነበር። የሕክምናው ቀን ካለፈ በኋላ ልጠይቃቸው ብሄድ፥ ወረቀቱ ታጥፎ ከግድግዳው ላይ ተሰክቶ አገኘሁት።

«አያቴ፥ ለምን ሳይሄዱ ቀሩ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፥ ልጁ አንብብልኝ ብለው፥ ‹የዓይን ሥዕል አለበት እንጂ ቀኑ አይታይም› አለኝ። ቀኑ ያልታወቀ ቀጠሮ ምን ቀጠሮ ነው?» አሉኝ።

ወረቀቱን አውርጄ ተመለከትሁት። ቀዩና አረንጓዴው ተዋሕደው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነዋል። ብጫው ከነጩ ሣጥን ላይ ጨርሶ ጠፍቷል። አያቴ እስከሚቀጥለው ዙር ድረስ በወረንጦ መቆየት ግድ ሆነባቸው። ስሕተቱ የእኛ የአሰናጆቹ እንጂ የሌላ የማንም አልነበረም። እኛ ያሰብነው ስለ ወረቀቱ ውበት ነበር፤ ስለሚያነበው ሰው ግን አላሰብንም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩን ከመጻሕፍትና ከመምህራን እየጠየቅሁ ማጥናት ጀመርሁ። ያገኘሁትንም ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ከቀድሞ ጸሐፍት የምንማረው

በመጀመሪያ የተረዳሁት፥ ይህ ትምህርት ከውጭ አገር ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን ነው። ጎንደር በ1628 ዓ.ም. በዐፄ ፋሲለደስ ከተቈረቈረች በኋላ ነገሥታቱና አድባራቱ ብዙ የብራና መጻሕፍት ያስጽፉ ነበር። ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱን ገልጦ የተመለከተ ሰው ሦስት ነገሮችን ልብ ሊል ይችላል።

አንደኛው፥ ጸሐፊው መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ብራናውን በወስፌ እየወጋና እያሰመረ መሥመሩንና ዓምዱን ይወስናል። አንድም ፊደል ሳይጻፍ ጽሕፈቱ የሚያርፍበት ቦታ ታውቋል ማለት ነው። እኛ ግን መጀመሪያ ጽፈን በኋላ ቦታ እንፈልጋለን።

ሁለተኛው፥ ጸሐፊው ብራና ውድ ነው ብሎ ገጹን ከዳር እስከ ዳር አይሞላም። በዙሪያው ሰፊ ኅዳግ ይተዋል፤ የታችኛው ኅዳግ ደግሞ ከላይኛው ይሰፋል። ባዶው ቦታ ዓይንን ያሳርፋል፤ ገጹን የሚገልጠው ጣትም ጽሕፈቱን አያበላሽም።

ሦስተኛውና ለእኛ ዋናው የቀይ ቀለም ነገር ነው። ጽሕፈቱ በጠቅላላው ጥቁር ነው። ቀይ ቀለም የሚገባው በምዕራፍ መጀመሪያ ላይ፥ በእግዚአብሔር፥ በእመቤታችንና በቅዱሳን ስም ላይ፥ እንዲሁም በሥርዓተ ነጥቦች ላይ ነው። በዚህ ምክንያት አንባቢው ገጹን እንደ ገለጠ ምዕራፉ የት እንደሚጀምር ሳይፈልግ ያገኘዋል። ቀዩ ጥቂት በመሆኑ ኀይል አገኘ። ገጹ በሙሉ በቀይ ቢጻፍ ኖሮ ግን ቀዩ ምንም ነገር ባላመለከተ ነበር። ፊደላችን እንደ ላቲን ትልቅና ትንሽ ሆኖ የሚጻፍ ባለመሆኑ፥ አባቶቻችን አንድን ቃል ከሌላው አጉልተው የሚያሳዩበትን መንገድ ከቀለም አገኙት።

ሠዓልያንም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች ያየ ሰው፥ ከጣሪያው ላይ ወደ ታች የሚመለከቱትን የመላእክት ፊቶችና ትልልቅ ዓይኖቻቸውን አይረሳም። በቀድሞው የአሣሣል ልማድ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ኃጥኣንና ከሓድያን ግን በጎን ሆነው አንድ ዓይን ብቻ ይታያቸዋል። ፊደል የማያውቅ ምእመን ማን ጻድቅ፥ ማን ኃጥእ እንደ ሆነ በአንድ አስተያየት ለይቶ ያውቅ ነበር። ሥዕሉ ጌጥ ብቻ ሳይሆን መልእክት ነበር ማለት ነው።

ስለ ቀለም አመራረጥ

በቋንቋችን «ቀለም» የሚለው ቃል የሚጻፍበትን ጥቁር ውኃም፥ ቀዩንና አረንጓዴውንም፥ ትምህርትንም ያመለክታል። መምህርን «የቀለም አባት» የምንለው ስለዚህ ነው። እንግዲያስ ቀለምን ያለ ትምህርት መምረጥ አይገባንም።

ቀለም በሚመረጥበት ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «ያምራልን?» ሳይሆን «ፊደሉ ከመደቡ ይለያልን?» የሚል መሆን አለበት። ፊደልን የምናየው የፊደሉና የመደቡ ብርሃን ስለሚለያይ ነው። ይህ ልዩነት በቁጥር ሊለካ ይችላል። ፊደሉና መደቡ አንድ ዓይነት ብርሃን ካላቸው ልዩነቱ 1 ለ 1 ነው፤ ምንም አይታይም። ፍጹም ጥቁር በፍጹም ነጭ ላይ ሲሆን 21 ለ 1 ይደርሳል፤ ይህም የመጨረሻው ነው። ለተራ ጽሕፈት ቢያንስ 4.5 ለ 1፥ ለትልልቅ ፊደል ቢያንስ 3 ለ 1 እንዲሆን የዘርፉ ባለሙያዎች ይመክራሉ።

አሁን የእኛን ወረቀት በዚህ ሚዛን እንመዝነው። በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ነጭ ብርሃን የሚገኘው ከቀይ፥ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ነው። ለዓይናችን ከሚሰማን ድምቀት ውስጥ አረንጓዴው 72 በመቶ፥ ቀዩ 21 በመቶ፥ ሰማያዊው 7 በመቶ ያህል ድርሻ አላቸው። ብጫ የቀይና የአረንጓዴ ድምር በመሆኑ፥ ከነጩ ድምቀት 93 በመቶ ያህሉን ይዟል። ስለዚህ ብጫ በነጭ ላይ ሲጻፍ ልዩነቱ 1.1 ለ 1 እንኳ አይሞላም። የአያቴ ቀጠሮ የጠፋው ከዚህ የተነሣ ነው። ቀይ በጠቆር ያለ አረንጓዴ ላይ ሲሆንም ልዩነቱ 1.3 ለ 1 ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱ ቀለሞች ለጤነኛ ዓይን የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ብርሃናቸው ተቀራራቢ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ደግሞ የሚያየው ብርሃንን እንጂ ቀለምን አይደለም።

ከዚህ በላይ፥ ቀይንና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ይህ በተፈጥሮ የሚመጣና ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ የሚበዛ ነው። ከሰሜን አውሮፓ ወንዶች መካከል ከ12 አንድ ያህሉ እንደዚህ ያለ ችግር እንዳለበት ታውቋል። ለእንደዚህ ያለ ሰው ቀይ ጽሕፈት በአረንጓዴ መደብ ላይ ማቅረብ ባዶ ወረቀት እንደ መስጠት ይቆጠራል። ሰንደቅ ዓላማችንን ማክበር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሦስቱ ቀለሞች በሰንደቁ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይጻፍም።

ታዲያ ብጫ ለምንም አይጠቅምምን? እጅግ ይጠቅማል፤ ቦታውን ብቻ መለወጥ ነው። ያው ብጫ ፊደል መሆኑ ቀርቶ መደብ ቢሆንና በላዩ ላይ በጥቁር ቢጻፍ፥ ልዩነቱ ከ19 ለ 1 ይበልጣል። ለዚህ ደግሞ የቀለም ማተሚያ አያስፈልግም። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ብጫ ወረቀት ገዝቶ በጥቁር ፎቶ ኮፒ ማባዛት ይቻላል። ከነጭ ወረቀቶች መካከል ብጫው ከሩቅ ተለይቶ ይታያል፤ ጽሕፈቱም ይነበባል። ሰማያዊ ደግሞ ድምቀቱ አነስተኛ ስለ ሆነ በነጭ ላይ ደኅና ይነበባል፤ በጥቁር ላይ ግን ይጠፋል። ደማቅ ቀይ በነጭ ላይ 4 ለ 1 ያህል ስለ ሆነ፥ ለትልቅ ርእስ ይበቃል እንጂ ለደቂቅ ጽሕፈት አይመችም።

የቀለም ብዛትም መወሰን አለበት። ጥቁርና ነጭ ወይም ብጫ መደብ፥ አስፈላጊም ሲሆን አንድ ተጨማሪ ቀለም ይበቃል። ያ ተጨማሪ ቀለም ልክ እንደ ብራናው ቀይ ለአንድ ነገር ብቻ ይዋል፤ ያም ሰዎች ሊዘነጉት የማይገባው ነገር ይሁን። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የቀይ መስቀል ምልክት ነው። በ1864 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ ስምምነት የታወቀው ይህ ምልክት፥ የስዊስን ሰንደቅ ዓላማ ቀለም በመገልበጥ ነጭ መደብና አንድ ቀይ መስቀል ብቻ ሆኖ ተወሰነ። በጦር ሜዳ ከሩቅ የሚታየው ሌላ ነገር ስላልተጨመረበት ነው።

ስለ ጽሕፈት አሰዳደር

አሰዳደር ማለት ከጽሕፈቱ የትኛው ይቅደም፥ የትኛው ይጉላ፥ የትኛውስ ይቅር ብሎ መወሰን ነው። በዚህ ረገድ የሚከተሉትን ነጥቦች ማስተዋል ይገባል።

1ኛ፤ ቃል መቀነስ። የኢትዮጵያን ቱሪዝም ድርጅት የመሠረቱት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራችንን ለዓለም ያስተዋወቁት «13 የፀሐይ ወራት» በሚል አጭር ቃል ነው። በሦስት ቃል ውስጥ የዘመን አቆጣጠራችንም የአየራችንም ጠባይ ተነገረ። እኛ ግን በወረቀታችን ላይ ስለ ትራኮማ አመጣጥ ሁለት አንቀጽ ጽፈን ነበር። ያ ለመጽሔት ይገባል፤ ለበራሪ ወረቀት ግን ሸክም ነው።

2ኛ፤ የፊደል መጠን። ሆላንዳዊው የዓይን ሐኪም ሄርማን ስኔለን በ1862 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዓይን መመርመሪያ ሠንጠረዥ በዚህ ረገድ ይረዳናል። በዚያ ሚዛን ጤነኛ ዓይን ከ6 ሜትር ርቀት ላይ ለይቶ ሊያነበው የሚችለው ትንሹ ፊደል ቁመቱ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከ3 ሜትር ርቀት ሲሆን ግማሹ፥ ማለትም 4.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። የማየት ኀይሉ ወደ ሲሶ የወረደበት ሰው ግን ከዚያው ከ3 ሜትር ላይ 13 ሚሊ ሜትር የሚያህል ፊደል ይፈልጋል። ይህም የተሰላው ለላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ትንንሽ በሆኑ ቅጥሎች ላይ ስለ ሆነ ይበልጥ መጉላት ያስፈልገዋል። «ሉ» እና «ሊ»፥ «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት ቅጥሉ ከመካከል ወይም ከግርጌ በመሆኑ ብቻ ነው። ፊደሉ ደቂቅ ሆኖ ሁለት ሦስት ጊዜ በፎቶ ኮፒ ቢባዛ፥ ቅጥሎቹ ይደፈናሉ፤ «ጨ» እና «ጬ»ም አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ቀኑና ቦታው ቢያንስ ከ15 ሚሊ ሜትር በማያንስ፥ ርእሱም ከዚያ በሚበልጥ ፊደል ቢጻፍ መልካም ነው። አንድ መደበኛ የጽሕፈት ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ለዚህ የሚበቃ ቦታ አለው።

3ኛ፤ ቅደም ተከተል። ጽሕፈቱ በአፍ ሲነገር እንደሚሆነው ይደርደር። አዋጅ ነጋሪ መጀመሪያ ነገሩን፥ ቀጥሎ የሚመለከተውን ሰው፥ ከዚያም ቀኑንና ቦታውን ይናገራል እንጂ ከምስጋናና ከመግቢያ አይጀምርም። የአሰናጁ ክበብ ስምና ማኅተም ከግርጌ በትንሹ ይቀመጥ። እኛ የክበባችንን ስም ከሁሉ በላይ አድርገን ነበር፤ ይህም ከንቱ ውዳሴ ነበር።

4ኛ፤ አንድ ወገን መያዝ። ጽሕፈቱ በሙሉ ከግራ በአንድ ቀጥታ መሥመር ላይ ይጀምር። አንዱን ወደ መካከል፥ ሌላውን ወደ ቀኝ ማድረግ ዓይን መነሻውን እንዲፈልግ ያደክመዋል። የፊደሉም ዓይነት ከሁለት አይብለጥ።

5ኛ፤ ሥዕል። ሥዕል ካስፈለገ አንድ ይሁን፤ ለብቻውም ይቀመጥ። በጽሕፈት ሥር ሥዕል ማንጠፍ ሁለቱንም ያበላሻል። የሚመረጠውም መልእክቱን የሚናገር ሥዕል ይሁን። በእኛ ጉዳይ ትልቅ ዓይን ከመሣል ይልቅ ወረንጦ የያዘች እጅና ዓይን ብንሥል፥ ፊደል የማያውቅ ሰው እንኳ «ይህ የእኔ ሕመም ነው» ብሎ ያውቀው ነበር።

6ኛ፤ ቀንና ሰዓት። ከቁጥሩ ጋር የዕለቱ ስም ይጻፍ። «15/5» ብሎ መጻፍ አንዱን በእኛ፥ ሌላውን በአውሮፓ አቆጣጠር እንዲያስብ ያደርገዋል። ሰዓቱም «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ተብሎ በእኛ ልማድ ይገለጥ። ይልቁንም የገጠር ሰው ቀኑን በበዓላት ስለሚያስታውስ፥ «ከጥምቀት በኋላ» የሚል ቃል ቢጨመርበት አይረሳም።

7ኛ፤ አክብሮት። ወረቀቱ የሚነበበው ለአዛውንትም ስለ ሆነ «ና፥ ታከም» ሳይሆን «ይምጡ፥ ይታከሙ» ይባል።

እንግዲህ የተስተካከለው ጽሕፈት እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል።

የዓይን ፀጉር ይወጋዎታልን?
በነጻ ይታከሙ
ቅዳሜ ጥር 15 ቀን፥ ከጥምቀት በኋላ
ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ
በጤና ጣቢያው ግቢ
ወደ ቤት የሚመራዎትን አንድ ሰው ይዘው ይምጡ

ይህ ሁሉ ከሃያ አምስት ቃላት አይበልጥም። የመጨረሻው መሥመር የተጨመረው፥ ታካሚው ዓይኑ ታሽጎ ስለሚመለስ የሚመራው ሰው ስለሚያስፈልገው ነው።

ወረቀቱ ከመባዛቱ በፊት የሚደረግ ፈተና

አንድ ወረቀት ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ ገንዘብ ሳይወጣበት በፊት በአራት ፈተና ማለፍ አለበት። አንደኛ፥ አንድ ቅጅ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ይነሣና የጠፋ ነገር እንዳለ ይታይ። ሁለተኛ፥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ዓይንን ጨፈን አድርጎ መመልከት ነው፤ እንደዚያ ሲታይ ጎልቶ የሚቀረው ነገር ቀኑና ጉዳዩ ካልሆነ አሰዳደሩ ተሳስቷል። ሦስተኛ፥ ለአንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ተሰጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳይደናቀፍ ያንብበው። አራተኛ፥ ሲነበብ የሰሙ አንድ አዛውንት ወረቀቱን ሳያዩ «ምን ነበር? መቼ ነው? የት ነው?» ተብለው ይጠየቁ። ሦስቱንም ከመለሱ ወረቀቱ ሥራውን ሠርቷል።

እኛም በሁለተኛው ዙር እንዲሁ አደረግን። በብጫ ወረቀት ላይ በጥቁር ፊደል ጻፍን። ወረቀቱ እንደ ፊተኛው አላማረም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህስ የሰነፍ ሥራ ይመስላል» ብለው ሳቁብን። እኔ ግን የመጀመሪያውን ቅጅ ይዤ ወደ አያቴ ቤት ሄድሁ። ያው የጎረቤት ልጅ ተጠርቶ ከበሩ ላይ ቆሞ አነበበው። አያቴም ሰምተው ሲያበቁ፥ «ከጥምቀት በኋላ ቅዳሜ፥ ጤና ጣቢያ፥ ሰው ይዤ» ብለው በጣታቸው ቈጠሩ። በዚያን ቅዳሜም እጃቸውን ይዤ የመራኋቸው እኔ ነበርሁ። ወረንጦውን አሁን እኔ አስቀምጬዋለሁ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ ቀለምና አሰዳደር ለጌጥ የሚጨመሩ ነገሮች ሳይሆኑ ለአንባቢ የሚደረጉ አገልግሎት መሆናቸውን ነው። ወረቀትን ስናሰናዳ በዓይነ ኅሊናችን ልናስቀምጠው የሚገባን አንባቢ፥ ዓይኑ የሚያይና ጊዜ ያለው ጓደኛችን አይደለም፤ ዓይናቸው የደከመውን አዛውንትና ከአጠገባቸው ቆሞ የሚያነብላቸውን ልጅ ነው። ለእነርሱ የተነበበ ወረቀት ለሁሉም ይነበባል።

ስለዚህ ተማሪ ጓደኞቼ ሆይ፥ በክበባችሁ ስም ለወላጆች በዓል፥ ለደም ልገሳ፥ ለችግኝ ተከላ ወይም ለስፖርት ውድድር ወረቀት በምታሰናዱበት ጊዜ ይህን አስታውሱ። ዛሬ ከክፍል ስትወጡም በማስታወቂያ ሰሌዳችን ፊት ጥቂት ቁሙና፥ ከተለጠፉት ወረቀቶች መካከል ከአምስት እርምጃ ላይ ቀኑ የሚነበበው ስንቱ እንደ ሆነ ቁጠሩ። መምህራንና ወላጆችም ወረቀታችንን ስታዩ «ያምራል» ብላችሁ ብቻ አትለፉን፤ «ቀኑ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁን። ያ ጥያቄ ከምስጋና ይልቅ ይጠቅመናል።